ከአልጋ ሥር የቀረው ሰሌን

«ይሄ የኔ ሰሌን አይደለም እንዴ?» አለች ሰልሚያ፣ የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ልታስቀምጥ ጎንበስ እንዳለች ከአልጋው ሥር እያየች።

መንበረ ክው አለች። ከለቀስተኛው መሃል አስነስተው «ትንሽ ጋደም በይ» ብለው ወደ መኝታ ቤት ያስገቧት ገና አሁን ነው። የባሏ የዳምጤ ሠልስት ነው። ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ ደጅ በእድሩ ድንኳን ሥር ወንዶቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ በዝግታ ያወራሉ።

«እኔ ነኝ እኮ ማክሰኞ ለቀብሩ ብዬ በትከሻዬ ተሸክሜ ያመጣሁት» አለች ሰልሚያ። ሰሌን እየሠራች መሸጥ እንጀራዋ ነው፤ የእጇን ሥራ ከስንት መሃል ትለያለች። «ይሄ እዚህ ካለ፣ ጋሽ ዳምጤ በምን ተቀበሩ?»

«ሌላ... ሌላ ነበረን» አለች መንበረ። «የቆየ። እሱን ነው የሰጠኋቸው።»

ሰልሚያ ቀና ብላ አየቻት። ቆየት አድርጋ አየቻት። ከዚያ «አላህ ያጽናሽ፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» ብላ ወጣች። 

ውሸቷን ነው። በዚያ ቤት የቆየ ሰሌን የሚባል ነገር አልነበረም። ከአልጋው ሥር የነበሩት ሁለት ጥቅልሎች ናቸው፤ አንዱ የሰልሚያ ሰሌን፣ ሌላው ደግሞ... ሌላውንስ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩላችሁ አይገባችሁም።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ሱቅ ይከፍታል፣ በግ ያደልባል፣ ቢያንስ ቢያንስ እድር ላይ ይጨቃጨቃል። መምህር ዳምጤ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቡታጅራን ልጆች ሥዕል ሲያስተምር የኖረው ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ክር መለመን ጀመረ። አዎ፣ ክር! በየደጁ ይቆምና «ከምትወዱት ልብስ አንድ ክር ስጡኝ» ይላል። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀበት። «ቲቸርን ነካ አደረገው» ተባለ። ፊቱን አይቶ እምቢ የሚለው ግን ጠፋ። እማማ አዛለች ከሰርግ ቀሚሳቸው መዝዘው ሰጡት፤ የሞተ ባላቸውን ታሪክ ጨምረው ግማሽ ቀን ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡት። ቄሰ ገበዙ ከጥምጥማቸው፣ ሰልሚያ ከሟች እናቷ ሻርፕ ሰጡ። ጎረቤቱ በኃይሉ ጎረምሳ ሳለ ለከተማው ቡድን ከተጫወተበት ቀይ ማሊያ፣ የራሱ የዳምጤ ልጅ ሆሳዕና ከክርስትና ልብሷ ሰጡት። ከሃምሳ ሰው በላይ ነው የሰጠው። ዳምጤም ከጓሮው እንሰት ያወጣውን ቃጫ እየፈተለ፣ የሰዉን ክር በመሃሉ እየሰፋ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ምንጣፍ ሠራ። ስሙንም «ሰፈራችን» አለው።

ይህ ሁሉ ለኤግዚቢሽኑ ነው። ዳምጤና ያስተማራቸው ልጆች፣ ሰልሚያም ጭምር፣ ከአፈር፣ ከቅጠልና ከወዳደቀ ነገር የሠሩትን በደብሩ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሊያሳዩ ለእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ተቀጣጥረዋል። «አንድ ነገር እንዳትገዙ» ይላቸው ነበር። «ዛፍም እንዳትቆርጡ።» ለራሱ ሞት እንኳ ተናዞ ነበር። «በሳጥን እንዳትቀብሩኝ። ለኔ ሬሳ ተብሎ ዝግባ አይወድቅም። ሰሌን ይበቃኛል» ይላል፤ መንበረም «ክፉ አትናገር!» ብላ ትቆጣዋለች።

ሰኞ ዕለት ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ወደቀ፤ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ አረፈ። ማክሰኞ ገናዦቹ በበሩ ብቅ ብለው «ሰሌኑ የታለ?» ሲሉ መንበረ ፊቷን እየነጨች «ከአልጋው ሥር!» አለች። በቃ፣ ያለችው ይኸው ነው። ዳምጤ ምንጣፉን ቀለሙ እንዳይደበዝዝ ብሎ ፊቱን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ እዚያው ከአልጋው ሥር እንዳስቀመጠው በዚያች ሰዓት ማን ያስታውሳል? ከውጭ ላየው ሰሌን ነው። ረቡዕ ጠዋት ነጠላ ጫማውን ልታወጣ ጎንበስ ስትል ነው የቀረው የሰልሚያው መሆኑን ያወቀችው። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ለባሏ አላለቀሰችም። ፍርሃቱ እንባዋን አደረቀው።

የሕያው ሰው ክር ከሬሳ ጋር ሲቀበር ምን ይሆናል እንደሚባል ያልሰማ ሰው በዚያ ሰፈር የለም። ሰው ጠላቱን ሊያጠፋ ሲፈልግ የሚያደርገው ነገር ነው ይባላል። መንበረ ደግሞ ከማንም በላይ ታምንበታለች። ልጅ ሳለች አክስቷ ታመሙ፤ የቀሚሳቸው ቁራጭ ከአንድ መቃብር ተገኘ ተባለ፤ በሦስተኛው ወር ሞቱ። እናቷ «ጠጉርሽን፣ ጥፍርሽን፣ ክርሽን ለማንም እንዳትሰጪ» እያለች አሳደገቻት። ለዚህ ነው ዳምጤ ሲጠይቃት እምቢ ያለችው።

«አንድ ክር ብቻ፣ መንበሬ።»

«አልሰጥም።»

«ለኔ እኮ ነው። ባልሽ ነኝ።»

«ለአንተ ከሆነስ? ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለህ። ማን መጥቶ ምን እንደሚያደርግበት በምን አውቃለሁ?»

ዳምጤ ሳቀ። «ሰፈሩ ያላንቺ ጎደሎ ሆነ እኮ።»

«ጎደሎ ይሁን!»

አልተቀየማትም። ስኳር ዓይኑን ስላደከመው በየጠዋቱ መርፌውን ይዞ ወደሷ ይመጣ ነበር። የክሩን ጫፍ በምራቋ ታርስና በጣቷ ጠምዘዝ አድርጋ በቀዳዳው ታሳልፋለች፤ ከዚያ «ያዝ» ትለዋለች። እሱም ተቀብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሰው ክር ነውና ምንም አይመስላትም ነበር።

አሁን ግን ነገሩን ተመልከቱት። የሰፈሩ ሁሉ ክር መቃብር ወርዷል፤ የሷ ብቻ የለም። «የራሷን ደብቃ የኛን ቀበረችው» ቢሏት ምን ትመልሳለች? ይሄስ ይቅር። ሆሳዕና ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ነጩ የክርስትና ክሯ ከምንጣፉ መሃል ላይ ነው ያለው፤ ዳምጤ «የልጅ ልጄም እዚህ አለ» እያለ በጣቱ ያሳያት ነበር።

ዓርብ ዕለት ኢዮብ መጣ። የዳምጤ ተማሪ የነበረ፣ በአሮጌ ጆንያ ላይ በቀይ አፈርና በከሰል የሚሥል ወጣት ነው። ፍራሹ አጠገብ በርከክ አለ።

«እትዬ፣ ኤግዚቢሽኑን እናራዝመው ብለን ነበር። ቄሰ ገበዙ ‹መታሰቢያው ይሁንለት› አሉን። የቲቸርን ሥራ መሃል ግድግዳ ላይ ነው ያሰብነው፤ ሁለት ሚስማር መትተን እየጠበቅን ነው። አሁን ልውሰደው?»

«እሑድ» አለች መንበረ። «እሑድ እኔው አመጣዋለሁ።»

«ይከብድሻል እኮ፣ እኔ...»

«አመጣዋለሁ አልኩህ!»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞር አለ። ሐዘን ነው ብለው አለፏት።

«ይሄ ጉልበቴ ከማክሰኞ ወዲህ አላስተኛ አለኝ» አሉ እማማ አዛለች ከጎኗ፣ እግራቸውን ዘርግተው እያሹ። መንበረ የሰማችው «ከማክሰኞ ወዲህ» የሚለውን ብቻ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር የማን ክር የቱ ጋ እንደተሰፋ ታስባለች፤ ሰማያዊው የሹፌሩ፣ ቢጫው የባለሱቋ። አንዱ «ትናንት አሞኝ ዋልኩ» ቢል የገደለችው ይመስላታል።

ከሁሉ የሚያስፈራት ግን በኃይሉ ነበር። ከሁለቱ ገናዦች አንዱ እሱ ነው፤ ሌላው ሽማግሌ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ዘርግቶ የጠቀለለው በኃይሉ ከሆነ መቼም አይቷል። ውሃ ይቀዳል፣ ወንበር ያመላልሳል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ወደሷ ግን አያይም። ድንገት ዓይን ለዓይን ከተጋጠሙ ጥሎ ይወጣል። ቀን እየጠበቀልኝ ነው፣ አለች በሆዷ። እሑድ ሰዉ ሁሉ ሲሰበሰብ ሊያወጣብኝ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሆሳዕና መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ለአባቷ ስታለቅስ ከርማ ፊቷ አባብጧል። «እማዬ፣ ምንጣፉን አውጪልኝና ልየው። የአባዬ እጅ ያለበት እሱ ብቻ ነው የቀረን።»

«ነገ ታይዋለሽ።»

«አሁን ቢሆንስ?»

«እርጉዝ ሆነሽ አቧራ ልትስቢ ነው? ነገ አልኩሽ!»

ልጅቱ ሳታምናት ሄደች። መንበረ በሩን ዘግታ የሰልሚያን ሰሌን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። ፊቷ ዘርግታ ተቀመጠች። ከቤቱ ጨርቅ ሁሉ ክር እየመዘዘች ብትሰፋበትስ? ግን ማንን ታታልላለች? ሰዉ ክሩን ያውቃል፤ እማማ አዛለች የሰርጋቸውን ክር ከሩቅ ያውቁታል። ደግሞ ያታለለችው ሰው ቢሞትባትስ? መልሳ ጠቀለለችው።

እሑድ የቅዳሴው ደወል ሲደወል ሆሳዕና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰልኝም።»

መንበረ ብድግ አለች። «ምን አልሽ?»

«ሕፃኑ። ጠዋት ጠዋት ይራገጥ ነበር። ዛሬ ዝም ብሏል።»

መንበረ የልጅቱን ባል ዮሲን ጮኻ ጠራችው። ባጃጅ መጣ። ደግፈው አስገቧትና ዮሲ «አንቺም ነይ እንጂ፣ እናቴ» አላት።

«ሂዱ! እኔ ሌላ ቦታ ነው የምፈለገው» አለች። ባጃጁ ወደ ጤና ጣቢያው ሲታጠፍ፣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም የሚለውን ሁሉ ትታ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ ባዶ እጇን፣ በጥድፊያ ወደ ደብሩ ሄደች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ደጀ ሰላሙ ሥር ቆማ ጠበቀች። 

አዳራሹ ወዲያው ነው የሞላው። አንድ ጥግ ሰልሚያ ከፌስታል የሠራቻቸው መሶቦች ተደርድረዋል። የኢዮብ የጆንያ ሥዕሎች በተርታ ተሰቅለዋል፤ ከባጃጅ ስብርባሪ የተሠራ እርኩም በር ላይ ቆሟል። መሃል ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለት ሚስማሮች ብቻ ናቸው። ከሥራቸው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ሰፈራችን። ቃጫና ክር። መምህር ዳምጤ» ይላል።

ኢዮብ ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ መጣና ባዶ እጇን አይቶ ቆመ።

«የለም» አለች መንበረ። ድምጿ ይህን ያህል ይጮኻል ብላ አላሰበችም። «ምንጣፉ የለም። ቀብሬዋለሁ! ዳምጤን የጠቀለሉት በሱ ነው። ሰሌን መስሎኝ ነው የሰጠኋቸው። ሳላውቅ ነው፣ ልጄን...» ልትምል ጀምራ መሃላውን ዋጠችው። በልጇ መማል አልደፈረችም።

«የሰርጌ ክር?» አሉ እማማ አዛለች፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው። «ከሬሳ ጋር?»

አንዲት እናት ልጇን ወደ ቀሚሷ አስጠጋች። ቄሰ ገበዙ እንኳ ሳያስቡት እጃቸው ወደ ጥምጥማቸው ሄደ። ከኋላ አንድ ወንድ «ያንቺስ? ያንቺስ ክር አለበት?» ብሎ ጠየቀ።

«የለሁበትም» አለች መንበረ።

የሰዉን ዓይን ማየት አቅቷት ቄሰ ገበዙ እግር ላይ ወደቀች። «ያስከፍቱልኝ! መቃብሩን ያስከፍቱልኝ፣ እኔው እቆፍራለሁ። የልጄን ክር ብቻ ላውጣ። ሐኪም ዘንድ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ዝም ብሏል!»

«የልጅሽን ብቻ?» አለ ያው ሰውዬ። «የኛስ?»

ያን ጊዜ በኃይሉ ሰዉን እየገፋ ወደፊት መጣ። በቃ፣ አሁን ሊጨርሰኝ ነው፣ አለች መንበረ። እሱ ግን ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣና ገለጠው። ውስጡ ያለው ቀይ ክር ነው።

«እኔ አይቼ ነበር» አለ። «ስንዘረጋው የማሊያዬ ክር ጫፉ ላይ ታየኝ። ‹ቆይ፣ ይሄ ሰሌን አይደለም› ማለት ነበረብኝ። ሕዝቡ ደጅ ቆሟል፣ ዝናብ እየመጣ ነው፣ ሰው ‹ቶሎ በሉ› ይላል... ደነገጥኩ። የራሴን ክር መዝዤ አወጣሁና የእናንተን ጠቀለልኩት። የራሴን ብቻ!»

ወረቀቱን መልሶ አጣጠፈው።

«አምስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሰው ባየሁ ቁጥር ‹የዚህን ሰው ክር ትቼ ነው የኔን ያወጣሁት› እላለሁ። እትዬ መንበረ፣ የልጅሽን ብቻ አውጥተሽ እንደኔ እንዳትሆኚ።»

«የለሁበትም ያለችውም ውሸቷን ነው» አለች ሰልሚያ ከመሶቦቿ አጠገብ። ሰዉ ወደሷ ዞረ። «ጋሽ ዳምጤ ዓይናቸው አያይም ነበር። ያን ሁሉ ክር መርፌ ውስጥ ያስገባችው ማን ሆነና? በምራቋ እያራሰች! ቃጫ ላቀብል ስሄድ ስንት ጠዋት አይቻታለሁ። የእናቴን ክር በአፏ ያሳለፈች ሴት ልትገድለኝ ነው ብዬ አልፈራም። ሐሙስ ዕለት ገና ሰሌኔን ሳየው ገብቶኝ ነበር፤ እስክትናገር ብዬ ነው የጠበቅኳት።»

ልጇን ያስጠጋችው እናት ይሄን ሰምታም አልተጽናናችም፤ ልጇን አቅፋ ወጣች። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተከተሏት። እማማ አዛለች ግን ትንሽ አሰቡና «ጉልበቴስ ድሮም ያመኝ ነበር» አሉ።

ቄሰ ገበዙ መንበረን በክንዷ ይዘው አነሷት። «መቃብር አይከፈትም፣ ልጄ። ነገ ሰባቱ ነው። ክር የሰጣችሁትን ሁሉ ስማችሁን እየጠራሁ እጸልያለሁ። ሰልሚያንም እጠራታለሁ፣ ከፈቀደች።»

«ይጥሩኝ አባ፣ ጸሎት ምን ይጎዳኛል?» አለች ሰልሚያ።

መንበረ ይህን ሳትሰማ ወጥታ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው መቃብር ስትዞር ስልኳ ጮኸ። ዮሲ ነው። ልታነሳው ፈራች፣ አነሳችው።

«እናቴ! ደህና ነው! ልቡ ሲመታ በመሣሪያው ሰማነው፣ ግው ግው ነው የሚለው! ነርሷ ‹እናትየው እህል ሳትቀምስ ከርማ ነው፣ ደክሞት ነው ዝም ያለው› አለች። ሻይ በስኳር አጠጣናት፣ ይኸው አሁን ተራገጠ። ትንሽ ያቆዩናል እንጂ ደህና ናቸው።»

መንበረ ግንቡን ይዛ ቆመች። እልል ማለት አማራት፤ ሐዘንተኛ ናትና አፏን በነጠላዋ ይዛ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው መሮጥ ትችል ነበር። የልጇን ክር የማውጣቱ ነገር ቀርቷል፤ መቃብሩ ጋ የሚያስኬዳት ጉዳይ አልነበረም። እሷ ግን ሄደች።

የዳምጤ መቃብር ገና እርጥብ አፈር ነው። ተንበረከከች። አምስት ቀን እምቢ ያላት እንባ አሁን ሳትጠራው መጣ፣ አፍንጫዋን ሞልቶ፣ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ።

«ጎደሎ ይሁን አልኩህ አይደል?» አለችው። «ፈርቼ እኮ ነው፣ ዳምጤ። ፈርቼ ነው።»

ከነጠላዋ ጥለት አረንጓዴውን ክር በጥፍሯ ያዘችና መሳብ ጀመረች። አሁንም ትፈራለች፤ የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነው። ክሩ ሲመዘዝ ጥለቱ ሽብሽብ አለ። ከኋላዋ ኮቴ ሰምታ ዞር አለች። በኃይሉ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል። ቀዩን ክር ዘረጋላት፣ ተቀበለችው። አፈሩን በጣቷ ቆፈር አደረገች።

ከዚያ እጇ ለምዶበት የሁለቱን ክር ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች፣ በምራቋ አራሰችው፣ በጣቶቿ ጠምዘዝ አደረገችው፣ ወደተቆፈረው አፈር ዝቅ አደረገችውና «ያዝ» አለችው።